ባዶ መኪና የለካሁ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። የጋሽ በቀለ ጎሚስታ ቤት ከሚሴ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ነበር። ቤት ይባል እንጂ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ጥቂት ቆርቆሮና አንድ ኮምፕረሰር ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራ ፈትቼ ከርሜ አባቴ ፊቴን ማየት ሰልችቶታል።

ጋሽ በቀለ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ማንበብ ትችላለህ?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ጎማ ማንበብ ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ጎማ የሚነበብ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። እርጥብ ጨርቅና አንድ ጠመኔ ሰጡኝ። ግቢው ውስጥ የተደረደረውን አሮጌ ጎማ ሁሉ ጎኑን ወልውዬ፣ የተጻፈበትን ቁጥር በጠመኔ እንዳደምቀው አዘዙኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይህንኑ ስሠራ ዋልኩ። አንድ ዳዶ እንኳ አላስነኩኝም።

ማምሻውን አንዱን ጎማ በእግራቸው ነካ አድርገው «ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ።

«መቶ ዘጠና አምስት፣ ስድሳ አምስት፣ አር አሥራ አምስት።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም።»

«ደግ። ነገ ና። ባለፈው የመጣው ልጅ የስልክ ቁጥር ነው ብሎኝ አባርሬዋለሁ።»

በማግስቱ አስረዱኝ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ነው፣ እሱ ግን ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ሦስተኛው ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ነው፣ እሱ ደግሞ በኢንች። ለምን ሁሉም በአንድ መለኪያ አልተጻፈም ብዬ ጠየቅሁ። «እኔ አልጻፍኩትም» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ጋሽ በቀለ እንዲህ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር ልል ነበር፣ ግን አልሞቱም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት እየመጡ ሥራዬን ሲነቅፉ ይውላሉ።

ጎሚስታ ቤት እንደ ጦር ሠራዊት ማዕረግ አለው። የመጨረሻው አየር ሞይ ነው። ከሱ በላይ ዳዶ ፈቺ አለ፤ ክሪክና የዳዶ መፍቻ የሱ ናቸው። ከዚያ በላይ አውላቂ ነው፤ በሁለት ብረት፣ በመዶሻና በሳሙና ውሃ ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቃል። ከሁሉም በላይ ቁጥር ቆራጭ አለ። የትኛው ጎማ ለየትኛው ቸርኬ፣ የትኛው ቸርኬ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን የሚፈርደው እሱ ነው። ይህ ማዕረግ በቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ጋሽ በቀለ። እኔ እዚያ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ ዛሬ ስልክ ላይ ሁለት ቁጥር አስገብታችሁ የምትፈርዱ ልጆች ይህን ስሙ። ስልኩ አይሳሳትም። ስልኩ ግን መኪናው ውስጥ ማን እንደሚገባ አያውቅም።

አየር ሞይ ሳለሁ ሰው የሚለብሰውን ነው እንጂ መኪና የሚለብሰውን ጌጥ የሚያውቅ አልነበረም። ቸርኬ ብረት ነበር፣ ጥቁር ነበር፣ በቃ። ኋላ የአሉሚኒየም ቸርኬ መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከየት እንደሆነ የማይናገር ሰው ሁሉ አራት አራት ቸርኬ እያሸከመ ይመጣ ጀመር። ከመኪናው ጋር ይስማማ አይስማማ ማንም አይጠይቅም። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይገዛል።

አንድ የጨፋ ሮቢት እህል ነጋዴ አራት ቸርኬ ይዞ መጣ። ቸርኬው አምስት ቀዳዳ አለው። መኪናው ላይ የሚወጡት ቡሎኖች አራት ናቸው።

«አይገባም» አልኩት።

«አምስት ከአራት ይበልጣል አይደል?»

«ይበልጣል።»

«ታዲያ አንዱን ዝለለው።»

ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት የተለያየ መሆኑን አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ጋሽ በቀለ ቢሆኑ ይገጥሙት ነበር» አለኝ። ጋሽ በቀለ አጠገቤ ቆመው ነበር። «እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ አላናግርህም ነበር» አሉት። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። ቸርኬዎቹን ኋላ ላይ የዶሮ መጠጫ አቁሞባቸው አይቻለሁ፤ ለዚያ ደህና ነበሩ።

ቁጥር ቆራጭ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነባል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ጎማ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ የዚያን ጎማ ጠቅላላ ቁመት ያሰላል። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን መቀነስ አለበት፤ ጠቅላላ ቁመቱ እንዳለ እንዲቆይ። የጋሽ በቀለ ሕግ ከመቶ ሦስት ነበር፤ ከዚያ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፣ መኪናውም ጠባዩ ይለወጣል። ቀጥሎ የቸርኬውን ስፋት፣ መሐሉ ላይ ያለውን ትልቅ ቀዳዳና ቸርኬው ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚወጣ ያያል። መጨረሻ ላይ ጎማው ጎን ላይ ያለችውን ትንሿን የጭነት ቁጥር ያነባል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተሳሳትኩት።

ጀማልን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ነጭ፣ ባለ ሰባት ወንበር ስቴሽን ዋገን ነበረችው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሰው ይጭንባታል፣ በሌላው ቀን ኮምቦልቻ ይመላለሳል። መኪናዋን ሲገዛ አባቱ ሀጂ ሙሄ ሁለት በሬ ሸጠውለታል። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሱ ችግር መስተዋት መውደዱ ነው። የራሱንም፣ የመኪናውንም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አራት ቸርኬ ጭኖ መጣ።

«አካም ቡልታን፣ አያ እንድሪስ!»

«ነጋያ። ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ለሰርጌ ነው። እሑድ ነው እኮ! ዘሃራን ከጨፋ ሮቢት የማመጣት በዚህ ነው። ወላሂ፣ እንደዚህ ያለ ቸርኬ የያዘ ሙሽራ ከሚሴ አይቶ አያውቅም።»

ቸርኬው አሥራ ሰባት ነው። የመኪናዋ አሥራ አምስት ነበር። ቀዳዳው አምስት፣ ርቀቱ ልክ፤ ቡሎኑ ላይ ሳስቀምጠው ልክክ ብሎ ገባ። እንደፋብሪካው ቸርኬ አልነበረም፣ ወደ ውጭ ሁለት ሳንቲም ያህል ወጣ ይላል። ጀማል የወደደው ይህንኑ ነው።

ጠመኔዬን አውጥቼ መሬት ላይ አሰላሁ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት፣ አርባ አምስት፣ አር አሥራ ሰባት። ቁመቱ ከድሮው ጥቂት ያንሳል፣ ጥሩ ነው አልኩት። ጎማውን ከመደርደሪያ አውርጄ ቸርኬው ላይ ደገፍ አድርጌ አሳየሁት። ጀማል ፊቱን አጨፈገገ።

«ቀጠነ። ጎማ የለበሰ አይመስልም እኮ። ትንሽ ወፈር ያለ የለም?»

«ሃምሳው አለ።»

«ሃምሳውን አድርግልኝ፣ አያ እንድሪስ። በእናትህ!»

እንደገና አሰላሁ። ሃምሳው ከድሮው ጎማ በቁመት አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፣ በሕጉ ውስጥ ነው። የጭነት ቁጥሩም በቂ ነበር። ገጠምኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ጎማውን ከላይ በሚከልለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው ጠርዝና በጎማው መሐል ጣቴን ከተትኩ። የፊቱ ሦስት ጣት ያስገባል። የኋላው ሁለት። መሪውን ግራ ቀኝ አዞርኩት፣ የሚነካ ነገር የለም።

መኪናዋ ውስጥ ያን ጊዜ የነበረው የጀማል ጃኬት ብቻ ነው።

ጋሽ በቀለ ከወንበራቸው ሳይነሱ «የኋላው ጠበብ አላለም?» አሉኝ። «ሁለት ጣት ይበቃል» አልኳቸው። ማዕረጉን ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት መታረም አልወድም ነበር፣ አሁንም አልወድም።

በኛ አገር መኪና ሲገዛም፣ ሲታደስም፣ አዲስ ነገር ሲገባለትም ዱአ ይደረጋል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሀጂ ሙሄ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። እኔም ተጠራሁ። መኪናዋ ግቢው መሐል ቆማለች፣ ቸርኬው ዓይን ይወጋል። ጫቱ ቀረበ። ሀጂ ሙሄ ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲመርቁ በአማርኛና በዐረብኛ ነው። ያን ቀን ረጅም ምርቃት መረቁ። ከግጭት፣ ከግልበጣ፣ ከመንገድ ክፉ ሁሉ ይጠብቀው አሉ። «አሚን» አልን። ወደኔም ዞረው «የገጠመው እጅ ይባረክ» አሉ። እጄን ዘርግቼ ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሚን» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን አባቴ ልዋሽ።

እሑድ ጠዋት ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ወጣሁ። ሙሽራይቱን ለማምጣት ሁለት መኪና ነበር፤ የጀማል መኪናና ጎረምሶቹን የጫነ የጭነት መኪና። የጀማልን የሚነዳው ሚዜው ከድር ነው። ሙሽራው ከጎኑ ተቀመጠ። ሀጂ ሙሄና ሁለት ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። እኔን ከአንድ አጎት ጋር ከኋላ አስቀመጡኝ። ስድስት ይሆናል፣ ከከድር ጋር ሰባት፣ ልክ ነው ብላችሁ ይሆናል። ከሚሴ ውስጥ ልክ የሚባል ነገር የለም። ሳንወጣ ሌላ አጎት መጣ። መውጫው ላይ አንዲት አክስት ድቤዋን ይዛ እጇን አነሳች፤ አክስት ታልፋለች እንዴ? ዘጠኝ ሆንን። ከኋላችን አንድ ጆንያ ስኳርና ሁለት ጀሪካን ዘይት ለአማቶቹ ተጭኗል።

ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ሰማሁት። ከተቀመጥኩበት ሥር፣ ከቀኝ የኋላ ጎማ። «ሽርርር» አለ።

ድቤው ይመታል፣ ሰው ይዘፍናል፤ ከኔ በቀር የሰማ የለም። ቢሰማም ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አወቅሁት። የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን እየላጠው ነው። ሰውና ጭነት ሲገባ መኪናዋ ወርዳለች፤ ሁለት ጣት ያልኩት ቦታ የለም። ሁለተኛው ጉብታ ላይ ደግሞ «ሽርርር» አለ። ሦስተኛው ላይ የላስቲክ ሽታ መጣ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው «ማነው ላስቲክ የሚያቃጥለው?» አሉ።

«ገበሬ ይሆናል» አልኩ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ በተቃረበው የሥራ ዘመኔ ከዋሸሁት ሁሉ ያ ውሸት ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ «አቁሙ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ሙሽራው በየደቂቃው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቸርኬውን ያያል፣ እኔ ደግሞ ዓርብ ዕለት እጄ ተመርቋል። ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሟል፣ ከብቶች አስፋልቱን ያቋርጣሉ፣ ከድር ቀስ ሲል ደስ ይለኛል፣ ሲፈጥን የፊቴን ወንበር ጨምድጄ እይዛለሁ። እንዲሁ እየፈራሁ ጨፋ ሮቢት ደረስን።

ሰው ሁሉ ወደ አማቶቹ ግቢ ሲተም እኔ ከኋላ ቀረሁ። ጀለቢያዬን ሰብስቤ ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። የፓራፋንጎው ጠርዝ የጎማው ትከሻ ላይ ዙሪያውን ቦይ ቀዶበታል። አንድ ቦታ ላይ የውስጡ ክር ወጥቷል። በጣቴ ነካሁት። ስንመለስ ሙሽራይቱ ትጨመራለች፣ ሁለት ሚዜዎቿ ይጨመራሉ፣ ሻንጣዋ ይጨመራል። ጎማው በዚያ ፍጥነት ቢፈነዳ መኪናዋ ተገልብጣ ሜዳው ላይ ነው የምትቆመው።

ጀማልን ከዘፋኞቹ መሐል ጎትቼ አወጣሁት።

«በዚህ ጎማ አትመለስም» አልኩት።

«ምን?»

አሳየሁት። ክሩን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«አያ እንድሪስ፣ ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

«ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

«አብሽር፣ ቀስ ብለን እንነዳለን።»

«ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰርገኛ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አማቶቼ ፊት ታዋርደኛለህ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቱን ነው። ያን ቸርኬ ለነሱ ሊያሳይ ነው ያመጣው። ስልኬን አውጥቼ ጋሽ በቀለ ጋ ደወልኩ። እሳቸው እዚሁ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ለታረደው በግ ከሰዓት ሊመጡ ቀጠሮ ይዘው ገና ጎሚስታ ቤቱ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ባዶውን ነው የለካሁት።»

ስድብ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አራቱን የድሮ ጎማ ከነቸርኬው በባጃጅ ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

«የድሮዎቹን ዳዶዎች እንዳይረሱ፣ የአሉሚኒየሙ ዳዶ ለብረቱ...»

«እኔን ልታስተምር ነው?» ብለው ዘጉት።

ነገሩ ግቢ ውስጥ ተሰማ። የሙሽራይቱ አባት አያ ዳውድ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃላቸው አጭር ሰው ናቸው። «ልጄ ከአስር ሰላት በፊት ከቤት ካልወጣች ዛሬ አትወጣም» አሉ። አስር ወደ ማምሻ የሚሰገደው ሰላት ነው፤ በነሱ ዘንድ ሙሽራ ማስመሸት ነውር ነው። አንዱ በጭነት መኪናው ትሂድ አለ፤ ሴቶቹ ጮኹበት። ሌላው ክሩ ትንሽ ነው፣ አላህ ያውቃል፣ እንሂድ አለ። ከድር መኪናዋን አስነሳለሁ ብሎ ቁልፍ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ክሪኩን አወጣሁና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ፈትቼ መኪናዋን ድንጋይ ላይ አቆምኳት። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ ጎማ የሌላት መኪና ግን አትሄድም።

ሀጂ ሙሄ መጡ። እጄ ላይ ያለውን ጎማ አዩ፣ ድንጋይ ላይ ያለችውን መኪና አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ሀጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ባዶ መኪና ለካሁ። ሰው ሲገባባት ጎማው ፓራፋንጎውን እየነካ ተቆረጠ። መንገድ ላይ ሰምቼ ዝም አልኩ። ያ ላስቲክ የገበሬ አልነበረም።» ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «ዱአ የተደረገበትን ነገር መፍታት ይከብዳል፣ ግን...»

«ዓርብ ዕለት ምን ብለን ነበር ዱአ ያደረግነው?»

«ከግልበጣ ይጠብቀው ብላችሁ።»

«ታዲያ ጠበቀው እኮ! ምን ያንቀጠቅጥሃል?» ከዚያ ወደ ኦሮምኛቸው ዞሩ፣ ተቆጥተዋል ማለት ነው። «ሂኪ! ፍታው! የፊቱንም ፍታው!»

አያ ዳውድ ግን አልረኩም። «ልጄን በሚያብረቀርቅ ጎማ ውሰዱልኝ አላልኩም፤ ግን ከደጄ ላይ መኪና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጎረቤት ይሳቅብኝ?» አሉ። ጎረቤትማ ስቋል። ሴቶቹ ድቤውን አንስተው ግጥም አውጥተውልናል።

«አማቹ መጣ ሲሉኝ በመኪና፣
ድንጋይ ላይ ቆሞ አገኘሁት ገና።»

እልልታው ቀለጠ። ጀማል መሬት ዋጪኝ አለ። እኔ ወደ ጎማዬ አጎነበስኩ።

በዚህ መሐል የሙሽራይቱ አክስት ከእልፍኝ ወጣች። ድቤው ዝም አለ። «ዘሃራ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች» አለች፣ ወደኔ እያየች። «ከኔ ጋር ስንት ሰው ነው የሚሄደው? ብላለች።»

ረቡዕ ዕለት ያን ሁሉ ቁጥር በጠመኔ ስጽፍ፣ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ጎን በመቶኛ፣ ቸርኬ በኢንች፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጀማልን አልጠየቅሁትም። ዕድሜ ልኳን መኪና ፈትታ የማታውቅ ልጅ፣ ራሷ ተሸፍኖ እልፍኝ ውስጥ ተቀምጣ ጠየቀችኝ። ያፈርኩት ያኔ ነው። በግጥሙ አላፈርኩም፣ በዚህ ግን አፈርኩ።

«አሥራ ሁለት» አልኳት። «ሻንጣውን ሳይጨምር።»

አክስትየዋ ገብታ ተመለሰች። «እንግዲያው ጎማው እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ቢመሽም እኔ ነኝ የመሸብኝ፣ አባቴ አይቆጣ ብላለች።»

አያ ዳውድ ልጃቸው ወዳለችበት እልፍኝ ዞሩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ለእንግዶቹ ምግብ አቅርቡ» አሉ። ነገሩ አለቀ።

ጋሽ በቀለ በባጃጅ ደረሱ። ሁለት ጎማ ጣሪያው ላይ ታስሯል፣ ሁለቱ ውስጥ ናቸው፣ እሳቸው በከረባት ጎማዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። ዳዶዎቹን በወተት ቆርቆሮ ይዘዋል። ኮታቸውን አውልቀው ለሀጂ ሙሄ አስያዙና አጠገቤ ተንበረከኩ። እኔ የኋላውን፣ እሳቸው የፊቱን ገጠምን። ዳዶውን እሳቸው ናቸው ያጠበቁት። ስንጨርስ የተቆረጠውን ጎማ አገላብጠው አዩና ክሩን በአውራ ጣታቸው ነካኩ።

«ሁለት ጣት» አሉ።

«ሁለት ጣት» አልኩ።

በጉን ሊበሉ ገቡ።

ዘሃራ ከአስር ሰላት በኋላ ወጣች። በጥቁር ብረት ቸርኬ ሄደች። የመኪናዋ ጀርባ አፈር እስኪነካ ድረስ ወርዶ ነበር፤ እኔ ብወርድላትም አሥራ አንድ ሰው ነው። እኔ ለተቆረጠው ጎማና ለአሉሚኒየሞቹ ብዬ በባጃጁ ተመለስኩ። ፊት ፊታቸውን እየሄድኩ... አይ፣ ባጃጁ አይደርስባቸውም፤ ኋላ ኋላቸው ነበርኩ። ጆሮዬ ግን መንገዱን ሁሉ እዚያው ጎማ ላይ ነበር። ከሚሴ ስደርስ መኪናዋ ከነሰዎቿ በአራት እግሯ ቆማ አየሁና መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎሚስታ ሲያለቅስ ያየ ሰው ስለሌለ ባጃጅ ነጂው ጎማ የወደቀብኝ መስሎት ሊያነሳኝ ወረደ።

ከሳምንት በኋላ ጀማል አሉሚኒየሞቹን ይዞ ተመልሶ መጣ። ከዘሃራ ጋር ነው። አርባ አምስቱን፣ መጀመሪያ የመረጥኩትን ቀጭኑን ላስገባልህ አልኩት፤ ዝቅ ስለሚል ከጠርዙ ይርቃል። የኋላውን ጠርዝም ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ልለካ ጣቴን ስዘረጋ ዘሃራ «ቆይ» አለችኝ። አስፋልቱ ማዶ ጥላ ሥር ቁጭ ያሉትን ሰዎች ጠራች። አሥር ሰው መጣ። «ግቡ» አለቻቸው። ገቡ። እሷም ከፊት ገባች። ከዚያ «አሁን ለካ፣ አያ እንድሪስ» አለችኝ።

ለካሁ። ሁለት ጣት ተኩል ነበር። ጀማል ቀጠነ አላለም።

ይኸው ዛሬም የምሠራው እንደዚሁ ነው። ቸርኬ ይዞ የመጣ ሰው የበሩ ወረቀት ይነበብለታል፣ ቁመቱ ይሰላለታል፣ ጎማው ይገጠማል። ከዚያ ስንት ሰው ነው የምትጭነው እለዋለሁ። አምስት ይለኛል። ውሸቱን ነው። ስለዚህ ከጥላው ሥር አሥር ሰው እጠራለሁ። ጋሽ በቀለ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ማዕረጋቸው ነው ይላሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ይሥቃል፣ አንዳንዱ ወንበሬ ቆሸሸ ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ። ጎማ የሚለካው ሰው ተቀምጦበት ነው።